የተዘለለው መስኮት

ከመጀመሬ በፊት ልማል። የማወራው ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸት ከተገኘበት የጎረስኩት ይነቀኝ፣ ስጠራ የሚሰማኝ ሰው ልጣ፣ የማላውቀው ውሻ እንደ ዘመድ ይከተለኝ። የማያምን ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሱ ፎቁ ሥር ይሂድና አንገቱን ቀና ያድርግ። አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። መስኮቱ ዛሬም እዚያው ነው።

ሰውየውን ጉሬዛ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ነገር ግን ጥቁር ሹራብ ላይ ነጭ ሽርጥ አስሮ ከፎቅ ፎቅ በገመድ ለሚንጠለጠል ሰው የእናቱን ስም ማን ያስታውስለታል? ሥራው የመኖሪያ ፎቆችን መስኮት በውጭ በኩል ማጠብ ነው። ጣሪያው ላይ በእጅ የምትዘወር ዊንች አለች። ከእሷ በሚወርዱት ገመዶች ጫፍ ጣውላ ታስሯል፤ ጉሬዛ ጣውላው ላይ ይቀመጣል፣ ባልዲው በጎኑ፣ ጎማ መጥረጊያው በእጁ። ዊንቿን የሚዘውረው ጓደኛው በርሜል ነው። በርሜል ስሙን ያገኘው በወርዱ ነው፤ ንፋስ የበረታ ቀን ጣሪያውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ያላየሁትን አልጨምርም። ገመዱ አንዴ ሲጎተት «አውርደኝ» ነው፤ ሁለቴ ሲጎተት «አንሳኝ»።

ሥራው አንድ ሕግ አለው፤ ከላይ ወደ ታች። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። የላይኛው መስታወት ሲታጠብ እድፉ በታችኛው ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ታችኛው ይታጠባል፣ እድፉም እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወርዶ መሬት ይገባል። ይህን ሕፃን ይረዳዋል። የፎቅ ነዋሪ ግን የሚያየው የራሱን መስኮት ብቻ ነው፤ የራሱ መስኮት ላይ ደግሞ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ የሌላ ሰው እድፍ እየወረደ ነው። ይጮሃል። ውሃህ ልብሴ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሳሙናህ አበባዬን አደረቀው፤ የጎረቤቴን መስኮት ከእኔ አስበልጠህ አጠብክ፤ ቤቴን አየህ፤ ቤቴን ሳታይ አለፍክ። አንዷማ «ጥላህ ድመቴን አስደንግጦ አስወረዳት» ብላ ከስሳዋለች። ድመቷ ወንድ ነበር።

ድሮ ድሮ ጉሬዛ ለሁሉም «ይቅርታ» ይል ነበር። ይቅርታ ሲያልቅበት «እሺ» ማለት ጀመረ። በዚያን ቀን ግን እሺም አልቆበት ነው ከቤቱ የወጣው።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ነው። ሚስቱ ነጭ ሸሚዙን ትተኩሳለች።

«እማዬ ዛሬ የድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿን ጠርታለች» አለችው፣ ከካውያው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«አውቃለሁ። እኔም ዛሬ የማጥበው እሳቸው የሚኖሩበትን ፎቅ ነው።»

«በጣም ጥሩ! ሥራህን ትጨርሳለህ፣ ትታጠባለህ፣ እኔ ሸሚዙን ይዤልህ እመጣለሁ፣ በበሩ ገብተህ ከሰው እኩል ትቀመጣለህ።»

ጉሬዛ ሳቅ መጣበት፤ የንዴት ሳቅ። ከተጋቡ የሠርጉ ጫማ ሁለት ጊዜ ሶል ተቀይሮለታል። ያን ሁሉ ዘመን አማቱ ቤት ሰው ባለበት ገብቶ አያውቅም። ሰው በሌለበት ቧንቧ ሊጠግን ይገባል፤ ደወል ከተደወለ ወደ መታጠቢያ ቤት ይገፋል። የአማቱን የሳሎን መጋረጃ በውጭ በኩል ያለውን ገበሩን እንጂ ፊቱን በወጉ አያውቀውም። አማቱ ለጎረቤቱም ለጓደኞቻቸውም የልጃቸው ባል ፓይለት ነው ብለዋል። ፓይለት ደግሞ ምን ጊዜም አየር ላይ ነው፤ «ላስተዋውቃችሁ» የሚባል ጣጣ የለውም።

«ለእናትሽ ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ሳል ያዛት።»

«አየሽ!»

«ምኑን ነው የማየው? ስማ፣ ዛሬ ካላስቀመጠችህ እኔም ያን ደፍ ሁለተኛ አልረግጥም። እናት የለኝም ብዬ እኖራለሁ።»

«ተይ እንጂ! በእኔ የተነሳ?»

«በእሷ የተነሳ!»

ይህን ስትል ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስታው ነበር፤ ጭሱን ስታይ ነው ያነሳችው። ጉሬዛ ያኔ ገባው። ይህች ሴት ስትቀልድ ልብስ አታቃጥልም። አማቱ ዛሬ ካላስቀመጡት እናትና ልጅ ይለያያሉ፣ መሐላቸው የሚገባው ሽብልቅ ደግሞ እሱ ነው። የሰው ቤት የሚሰነጥቅ ሽብልቅ መሆን አልፈለገም። ወንበር ፈልጎ ለምኖ አያውቅ! ይህን ሁሉ ነገር ያመጣችው አንዲት ወንበር ናት። ፎቁ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ እየጠለዘ ሄደ።

መግቢያው ላይ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ቆሞ ጠበቀው። ጡሩምባ ነው የሚሉት። ሁለተኛ ፎቅ ይኖራል። የገዛ ጉሮሮው አላንስ ብሎት ድምፅ ማጉያ ገዝቷል፤ ከሚስቱ ጋር ቁርስ ላይ በማጉያው ነው የሚያወራው ይባላል። መስኮት በሚታጠብበት ዕለት «የሰብሳቢ መስኮት ቆሽሾ ታየ» እንዳይባል ማልዶ ተነስቶ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል። ከዚያ ከላይ የወረደው እድፍ ሲደርስበት ከሁሉ በላይ የሚደነፋው እሱው ነው።

«ስማ አንተ ጉሬዛ! ባለፈው ስንት አቤቱታ እንደመጣብህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም ቁጥሩ ጠፍቶብኛል! ዛሬ አንዲት አቤቱታ ከመጣች፣ አንዲት፣ ገመድህን ጠቅልለህ እዚህ ግቢ ሁለተኛ እንዳላይህ።»

«ውሃው ረጠበብኝ ብሎ የሚከስ ሰው ቢመጣስ?»

«አቤቱታ አቤቱታ ነው!»

ጉሬዛ ጥርሱን ነክሶ ወደ ጣሪያው ወጣ። በርሜል ዊንቿን ዘይት እየቀባ ነበር።

«ፊትህ ምን ሆኗል ወንድሜ? ሎሚ የላሰ ትመስላለህ።»

«አውርደኝ ዝም ብለህ።»

የላይኞቹ ፎቆች እንደ ልማዳቸው ነበሩ። አንዱ ሰውዬ መስኮቱን ከፍቶ ቀኙ መስታወት ከግራው በለጠ ብሎ ተቆጣ። «ግራውን ደግሜ ልጠበው?» ቢለው «የለም፣ ምን አደከመህ፣ ቀኙን ትንሽ አቆሽሽልኝ» አለ። ጉሬዛ አቆሸሸለት። ሰውዬው አመስግኖ ዘጋ። ከዚያ በታች ያለችው ሴት መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ «ምን ታያለህ?» አለችው። «እድፍሽን» አላት። ይህ አነጋገር ደግ እንዳልሆነ ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ግን ቀኑ እንደዚያ ያለ ቀን ነበር። ደግነቱ ሴትየዋ አቤቱታ ልታቀርብ ስትወጣ ሊፍቱ ተበላሽቶባት ተመለሰች።

አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ የሲሚንቶ ጠርዝ አለ። የከተማው እርግቦች ጉባኤ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ አጀንዳቸውም አንድ ብቻ ነው። ኩሱ ተከምሮ፣ ከመኪና ጥላሸት ጋር ተቦክቶ፣ በፀሐይ ተጠብሶ ድንጋይ ሆኗል። ጉሬዛ በመፋቂያ ፈነቀለውና ባልዲ ውሃ ደፋበት። ያ የስንት ዘመን ጉድ ተነቃነቀ፣ ላላ፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ ወርዶ የአራተኛውን ፎቅ ሰፊ የሳሎን መስኮት ከዳር እስከ ዳር አለበሰው።

ይህ የሥራው ወግ ነው፤ አያስፈራም። የሚቀጥለው መስኮት እሱ ነው፤ ወርዶ ወዲያው ያጥበዋል። ያ መስኮት ደግሞ የአማቱ ነው። ጉሬዛ የዛሬን እንኳ አሳምሬ አጥቤላቸው፣ እንግዶቻቸው ሰማዩን በጠራ መስታወት አይተው፣ ከዚያ በበሩ እገባለሁ ብሎ ስፖንጁን እየነከረ ሳለ ከታች ማጉያው ጮኸ።

«ጉሬዛ! አራተኛውን ዝለለው!»

«ምን?»

«እመቤቲቱ እንግዳ አለባቸው! መስኮታቸው ላይ ሰው ተንጠልጥሎ እንዳይታይ ብለዋል! ዝለለውና ሦስተኛ ውረድ!»

«ጋሼ፣ የላዩን አጥቤዋለሁ እኮ! እድፉ በሙሉ እሳቸው ላይ ነው ያለው!»

«ዝለል ተባልክ ዝለል!»

«አቤቱታ ነው?»

«ጥያቄ ነው! ካልዘለልክ አቤቱታ ይሆናል!»

ጉሬዛ ገመዱን አንዴ ጎተተ። ጣውላው ቀስ እያለ በአማቱ መስኮት ፊት ወረደ። በእድፉ መሐል ሳሎኑ ታየው፤ ኬክ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ሶፋው ላይ የተደረደሩ ጸጉራቸውን የተሠሩ ወይዛዝርት። አማቱ ብድግ አሉ። ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

ጉሬዛ መስታወቱን በጣቱ አንኳኳ፤ እድፉንም አሳያቸው። «እማማ፣ ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ እንዲህ ሆኖ ከደረቀ...»

አማቱ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉ። «አንተ ሰውዬ፣ ሂድ! ውረድ ከዚህ!»

«እማማ...»

«እማማህ አይደለሁም!»

መጋረጃው ስስ ነበር፤ ሸርር አድርገው ሳቡት። ጣውላው መውረዱን አላቆመም። የአማቱ ፊት ሄደ፣ ደረታቸው ሄደ፣ የመስኮቱ ደፍ መጣ፣ ከዚያ ግድግዳ ብቻ። ጉሬዛ ያን ግድግዳ ሲያይ በሕይወቱ እንደዚያ ተናዶ አያውቅም። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ሞቀ ይላሉ። እኔ ፈላ አልልም፤ ሞቀ።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው አንዲት ነርስ ናት። ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች፤ ማለትም ልትተኛ ትሞክራለች። ጉሬዛ ስፖንጁን መስታወቷ ላይ ከማሳረፉ መስኮቷ ተከፈተ። ትራሷን እንደያዘች ነበር።

«አንተ ሰው! ጥላህ ቀሰቀሰኝ!»

«ሲስተር፣ ጥላ ድምፅ የለውም።»

«የአንተ አለው!»

«ታዲያ በጨለማ ልጠበው?»

«ለምን እንደ ሰው በደረጃ አትወርድም? ለጡሩምባ ነው የምነግርብህ!»

«ንገሪ! ሂጂ ንገሪ! ተሰለፉና ንገሩ ሁላችሁም!»

እነሱ እንዲህ ሲነታረኩ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ይህን ጉሬዛ በኋላ ከሚስቱ አፍ ነው የሰማው፤ እሷ መጋረጃው ከተሳበ በኋላ ሸሚዙን ይዛ ደርሳ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ፀሐይዋ መስኮቱን ስታገኘው እድፉ ደረቀ። ሳሎኑ ጨለመ። አንዷ ወይዘሮ «ምነው፣ ውጭው ጭጋግ ሆነሳ» አለች። ሌላዋ ካፖርቷን ጠየቀች። ሦስተኛዋ ደረቷን ይዛ «ውይ፣ ያ ፓይለት ልጅ በዚህ ጭጋግ እንዴት ያርፍ ይሆን?» አለች። ሚስቱ ያኔ እናቷን አየቻቸው። እናቷም አዩአት። አማቱ ከዚያ ዓይን ለማምለጥ «መስኮቱ ነው እንጂ ጭጋግ አይደለም፣ አሁን እወለውለዋለሁ» ብለው ጨርቅ አንስተው ተነሱ።

የዚያ ፎቅ መስኮት ሽቅብ ተገፍቶ የሚከፈት ዓይነት ነው። አማቱ ገፉት፣ ተከፈተ፣ ግማሽ ሰውነታቸውን አስወጥተው የውጭውን መስታወት ሊወለውሉ ተንጠራሩ። መስኮቱ እንደ ወጥመድ ወረደና ወገባቸው ላይ አረፈ።

ጩኸታቸውን የሰፈሩ እርግብ ሁሉ ሰምቶ ተነሳ፤ ሰማዩ ለትንሽ ጊዜ ግራጫ ሆኖ ነበር። ጉሬዛ ቀና ቢል አማቱ ከነጨርቃቸው ከወገባቸው በላይ ውጭ ናቸው።

«እግሬን ልቀቁ! እግሬን ልቀቁ እናንተ!» ይላሉ። ውስጥ ያሉት ወይዛዝርት እግር እግራቸውን ይዘው ይጎትታሉ፤ በተጎተቱ ቁጥር ክፈፉ ይበልጥ ይነክሳቸዋል።

ጉሬዛ ገመዱን ሁለቴ ጎተተ። በርሜል ዊንቿን ሲዘውራት ጣውላው ሽቅብ ተወረወረ ማለት ይቀላል። ፊታቸው ሊላተም ሲል ቆመ። አማትና አማች አፍንጫ ለአፍንጫ።

«አንሳልኝ!» አሉ አማቱ። «ቶሎ በል፣ አንሳልኝ!»

ጉሬዛ እጁን ክፈፉ ሥር አስገባ። ከዚያ ቆም አለ።

«ማንን ነው የሚያዙት?»

«አንተን ነዋ!»

«እኔ ማን ነኝ?»

«አሁን ይህ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው?»

«ሌላ ሰዓት መቼ ሰጡኝ?»

ከታች ሰው ተሰብስቧል። አንገት ሁሉ ወደ ላይ ተቀልብሷል፤ የየፎቁ መስኮት ተከፍቶ ጭንቅላት በጭንቅላት ሆኗል። ነርሷ ትራሷን አቅፋ ወደ ላይ እያየች «ኧረ ሊወረውራት ነው! ድረሱ!» ትላለች። ጡሩምባ ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኗል።

«አንተ ጉሬዛ! እጅህን ከእመቤቲቱ ላይ አንሳ!»

«እጄን ካነሳሁ ማን ሊያወጣቸው ነው?»

«አቤቱታ ተመዝግቧል! ካሁን በኋላ ከዚህ ፎቅ ተባረሃል! ፖሊስ ይጠራ!»

ጉሬዛ ወደ አማቱ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግን ቁጣው አልወረደም፣ ጠበበ እንጂ፤ በቀዳዳ እንደሚወጣ እንፋሎት ሆነ።

«ስሙኝ። ልጅዎ ዛሬ ካላስቀመጡኝ ይህን ደፍ ሁለተኛ አልረግጥም ብላለች። እሷ ደግሞ አልረግጥም ካለች አትረግጥም፤ ግትርነቷን ከማን እንዳመጣችው እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ስለ ወንበርዎ ግድ የለኝም። ሲፈልጉ ወንበሩን ለድመት ይስጡት! ልጅዎን እንዳያጡ ብዬ ነው የምነግርዎት። መስኮቱንማ አነሳዋለሁ፤ ዝንብ ቢያዝበትም አነሳው ነበር።»

ይህን ብሎ ትከሻውን ክፈፉ ሥር ሰጠና በጣውላው ላይ ቆሞ ገፋ። ክፈፉ አቃሰተ፣ ተነቃነቀ፣ ከፍ አለ። አማቱ ነፃ ወጡ።

እንግዲህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ ሳሎናቸው ናቸው፤ መጋረጃውን መሳብ፣ «አንድ ሠራተኛ ረዳኝ» ማለት፣ ሻይ መቅዳት። ጉሬዛም ያንን ነበር የጠበቀው። አማቱ ግን አልገቡም። ወገባቸውን አንዴ አሹት፣ ጨርቁን አጣጥፈው ያዙና ይበልጥ ወደ ውጭ ወጡ፤ አንድ እጃቸው የጉሬዛን ገመድ ጨበጠ።

«አንተ ጡሩምባ!» አሉ።

ማጉያ አላስፈለጋቸውም።

«ዝም በል! ምን ያስለፈልፍሃል? ፖሊስ የምትጠራው በማን ላይ ነው? ልጄን ያገባ ሰው ነው! አንተን ምን አገባህ?»

ከዚያ አንዱ መስኮት ላይ ያለ ጭንቅላት «ፓይለቱ?» አለ።

«የምን ፓይለት! መስኮት አጣቢ ነው! ዕድሜ ልኩን መስኮት አጣቢ ነው! እሱንም ቢሆን ሰነፍ! የሰዉን ሁሉ አጥቦ የእኔን ከነጉዱ ትቶት የሄደ!»

እዚህ ላይ ጉሬዛ ፈነዳ። «እኔ ነኝ የተውኩት? ዝለል ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ዝለል ቢሉህ ትዘላለህ? የራስህ ጭንቅላት የለህም?»

«በጣቴ አላሳየሁዎትም? ይህ እድፍ ነው፣ ይደርቃል አላልኩም?»

«እንደ ሰው ጮክ ብለህ አትናገርም ነበር!»

«እማማህ አይደለሁም ያለኝ ማን ነው?»

«አልኩ! ተናድጄ አልኩ! አንተ ተናደህ ስንቱን ትላለህ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ነው የተናደዱት?»

«አፍህን ዝጋ! ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ሰው እንዳይሰማ ስንት ዓመት መታጠቢያ ቤት ቆምኩ!»

ነርሷ ትራሷን ዝቅ አድርጋ «እውነትም ዘመድ ናቸው» አለች። «ባዳ ለባዳ እንዲህ አይሰዳደብም።» መስኮቷን ዘግታ ልትተኛ ሄደች። ጡሩምባ ማጉያውን አወረደ፣ አዟዟረው፣ የተበላሸ ይመስል ነካካው። የዘመድ ጠብ በአቤቱታ መልክ የሚያዝበት ደንብ አልነበረውም።

አማቱ መጀመሪያ ደከማቸው። ከመስኮቱ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። «ግባ በቃ» አሉ። «ሰው ሁሉ አየን። ግባ።»

ጉሬዛ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ወይዛዝርቱ የያዙትን ኬክ እንደያዙ ደርቀዋል። ሚስቱ መሐላቸው ቆማ ሸሚዙን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«በመስኮት አልገባም» አለ። «ሌባ አይደለሁም። ድመትም አይደለሁም። በር አልዎት።»

«አሁን ደግሞ ኩራት!»

«አሁን ደግሞ ሥራ። መስኮቱን ይዝጉልኝ፣ ልጠበው።»

አማቱ ዘጉ። ጉሬዛ አጠበው። የደረቀውን በመፋቂያ ላጠው፣ በስፖንጅ አሸው፣ ጎማ መጥረጊያውን ከላይኛው ጥግ አስነስቶ ሳያነሳ እያጥመዘመዘ እስከ ታች አወረደው። መስታወቱ እየጠራ ሲሄድ ወይዛዝርቱ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እነሱም እሱን አዩት። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ወረደ፣ የነርሷን ጥላውን እየሰበሰበ አጠበላት። ሁለተኛው ጋ ሲደርስ የጡሩምባን በጋዜጣ የተወለወለ መስኮት ከላይ የወረደው ሁሉ አግኝቶት ነበር፤ ጡሩምባ ወደ ቤቱ ወጥቶ፣ ማጉያውን ታቅፎ ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ አየው። ጉሬዛ የእሱንም አጠበ። ቀስ ብሎ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ ዓይኑን ከዓይኑ ሳይነቅል። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ያ ነበር።

ምድር ሲደርስ በቧንቧው ውሃ ተጣጠበ። ሚስቱ ደረጃው ሥር ቆማ ሸሚዙን ሰጠችው።

«እማዬ ምን አለች? እዚያ ላይ፣ በጆሮህ ምን አለችህ?»

«እኔ ነኝ ያልኳቸው።»

«ምን አልካት?»

«የሆነ ነገር።»

የተቃጠለውን የሸሚዝ ጫፍ ሱሪው ውስጥ ከተተው። ደረጃውን ወጡ፤ እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ። በየወለሉ በሮች ገርበብ ብለው ዓይኖች ያዩታል። የአማቱ በር ዝግ ነበር። ጉሬዛ ያን በር ሰው ባለበት ደውሎት አያውቅም። ደወለ። በሩ ሳይከፈት ቆየ። ሚስቱ ከኋላው ናት፤ እግሯ ወደ ደረጃው ዞር ብሎ ነበር፣ ለመመለስ የተዘጋጀ እግር።

በሩ ተከፈተ። አማቱ ሸሚዙን አዩ፣ ጫማውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ የት ቆየህ?» አሉ። «ቶሎ ይመጣል ብዬ የቀዳሁት ሻይ ቀዘቀዘ።»

ክንዱን ይዘው ወደ ሳሎኑ አስገቡት። በወይዛዝርቱ ፊት አቆሙት።

«የልጄ ባል ነው» አሉ። «መስኮት ያጥባል። በእጥበቱ ቅር የሚለው ያለ እንደሆነ አሁን ፊት ለፊት ይንገረው፤ ኋላ ለኮሚቴ እንዳትሄዱብኝ።»

አማቱ በመዳፋቸው የወንበሩን ትራስ መታ መታ አደረጉ፣ ጉሬዛም ተቀመጠ። ሚስቱ ደፉን ተሻግራ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ጉሬዛ ሻዩን አነሳ፣ ወደ አማቱ አየና ፈገግ አለ።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ልናዘዛት። ፈገግ አላለም። ሁሉም እንዳወራሁት ነው፤ እርግቦቹም፣ ወንዱ ድመትም፣ ሁሉም፤ ፈገግታው ግን የእኔ ነው፣ ታሪኩ እንዲያምር ብዬ። ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት የዋጠው ቁጣ ገና ጉሮሮው ላይ ነበር። ቀዝቃዛውን ሻይ ፊቱን ሳይፈታ ጠጣው። አማቱ ሌላ ትኩስ ቀዱለት። እሱንም ሳይስቅ ጠጣ። ሦስተኛ ቀዱለት።